እኔ የጻፍኩትን ከእኔ ስልክ ላይ ማን አጥፋ አለው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እያሠራሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። የምጽፍላችሁ በየስልካችን ላይ ስላለችው፣ የተጻጻፍነውን መልእክት ከሁለታችንም ስልክ ስለምታጠፋው ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው የወጣቶች ጉዳይ አድርጎ ያያታል፤ በንዴት ጽፈው ሲበርድላቸው ለሚጸጽታቸው የተሠራች። እንደ እኔ በስልክ ትእዛዝ ተቀብሎ ለሚያሠራ ሰው ግን የእንጀራ ጉዳይ ናት።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ሰው የራሱን ቃል ማጥፋቱን አልቃወምም። የምቃወመው፣ እኔ የጻፍኩትን ሌላ ሰው ሳይጠይቀኝ ከእኔ ስልክ ላይ ማንሣት መቻሉን ነው። ሲጠፋም “እዚህ ቦታ አንድ ነገር ነበር” የሚል ምልክት አለመቅረቱን።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ድሮ ደንበኛ ሱቅ ድረስ መጥታ፣ ጨርቁን ዳብሳ፣ ጥለቱን ብርሃን ላይ አውጥታ አይታ፣ ተለክታ፣ ቀብድ ከፍላ ትሄድ ነበር። ዛሬ ትእዛዝ ከሜሪላንድም፣ ከዱባይም፣ ከሐዋሳም በስልክ ይመጣል። ፎቶ ይልካሉ፣ ድምፅ ይልካሉ፣ ልኬት ይልካሉ። ልኬቱ ብቻውን ስንት ጽሑፍ ነው! ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ቁመት። “ቁመቱ ከነጫማሽ ነው ወይስ በባዶ እግር?” ብዬ ካልጠየቅኩ ቀሚሱ መሬት ይጠርጋል ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ቀለሙ ደግሞ ከልኬቱ ይብሳል። ወርቃማ ስንል ቢጫ የሚያደላም አለ፣ ወደ ቡና ዓይነት የሚሄድም አለ፤ ስልክ ላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ስለዚህ ክሩን መስኮት አጠገብ አድርጌ አነሣና እልካለሁ፤ እርሷም “ከግራ ሁለተኛው” ብላ ትመልሳለች። ያቺ “ከግራ ሁለተኛው” የምትለው መልስ ውላችን ናት። ሌላ ወረቀት የለንም።

መልሷን ይዤ ወደ ሸማኔው እሄዳለሁ። ጥለቱ አብሮ የሚሸመን ስለሆነ ድሩ ተዘርግቶ ሥራው ከተጀመረ በኋላ “ቀለም ቀይርልኝ” ማለት ጨርቁን እንደ አዲስ ሥራልኝ ማለት ነው። ሸማኔው የታዘዘውን ሠርቷል፤ የድካሙን ይቀበላል፣ መቀበልም አለበት። ጥልፍ ሠሪዋም፣ ሰፊዋም እንደዚያው። ስሕተቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የሚፈርደው ያ የስልክ ጽሑፍ ብቻ ነው።

አንዲት ባሕር ማዶ ያለች ደንበኛ ለመልሷ ቀሚስ አዘዘችኝ። ከእርሷ ቀሚስ ጋር የእናቶች ልብስም ነበረበት። ብዙ ከተመካከርን በኋላ አረንጓዴ ጥለት መረጠች። እኔም እንደ ልማዴ “እርግጠኛ ነሽ አይደል የኔ ቆንጆ? ሸማኔው ሊጀምር ነው” ብዬ ጽፌ ጠየቅኳት፤ “አዎ እታለም፣ ጀምሩልኝ” አለችኝ። ቀብዱንም በሰው በኩል ባንክ አስገባችልኝ። ልብሱ አልቆ ቪዲዮውን ስልክላት “እኔ ያዘዝኩት ወርቃማ ነው” አለች። ምናልባት ቤተሰብ አልወደደላት ይሆናል፣ ምናልባት ሐሳቧን ቀይራ ይሆናል፤ ሰው ነው፣ ይሆናል። “ቆይ የጻፍሽውን ላሳይሽ” ብዬ ወደ ላይ ብል ወደ ላይ የሚባል ነገር የለም። ስሟና ፎቶዋ አለ፣ ከሥሩ ባዶ ነው። የእርሷ ቃል ብቻ ቢጠፋ ኖሮ ቢያንስ የእኔን ጥያቄ አሳያት ነበር። እኔ መስኮት አጠገብ አንሥቼ የላክኋቸው የክር ፎቶዎች፣ እኔ የጻፍኩት ዋጋ፣ “እርግጠኛ ነሽ አይደል” ያልኩት፣ ሁሉም ከእኔው ስልክ ላይ ሄዷል።

የቀረኝ የባንኩ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ ላይ ብሩና ቀኑ ተጽፏል፤ ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን ወርቃማ አልተጻፈም። ቀሪውን ገንዘብ አልከፈለችኝም። በልኳ የተሠራ ልብስ ለሌላ ሰው ስለማይሆን ስፌቱን አስፈትቼ፣ ጨርቁን ለልጆች ቀሚስ አዋልኩት። የሸማኔውንና የሰፊዋን ሒሳብ ከኪሴ ከፈልኩ።

ይህን የጻፍኩት ያቺን ልጅ ለመክሰስ አይደለም። ከእኛ ከሻጮች በኩልም የባሰ እንደሚደረግ አውቃለሁ። የሚያምር ፎቶ ለጥፎ፣ ቀብድ ተቀብሎ፣ የተነጋገሩትን ሁሉ ጠርጎ ደንበኛዋን ብሎክ የሚያደርግ ሻጭ አለ። እንዲህ የተበላች እህት ሱቄ መጥታ ስታለቅስ አይቻለሁ። በእጇ የቀራት የቴሌብር መልእክት ብቻ ነበር፤ ለምን እንደከፈለች የሚናገር አንድም መስመር የላትም። ቁልፏ ለገዢም ለሻጭም እኩል ናት፤ ቀድሞ የተጫናት ያሸንፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ጠየቅኩ፣ ራሴም በሁለት ስልክ እየሞከርኩ አየሁ። ሁሉም መተግበሪያ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ልጻፈው።

ዋትስአፕ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አካባቢ ሲጀምር የላኩትን ለማጥፋት የሚሰጠው ጊዜ 7 ደቂቃ ብቻ ነበር። በማግስቱ ዓመት ወደ አንድ ሰዓት ያህል አሳደገው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ አደረገው። ነገር ግን የሚጠፋው የላኪው የራሱ መልእክት ነው፤ ቦታው ላይም መልእክቱ መሰረዙን የሚናገር ጽሑፍ ይቀራል። አይፎን በራሱ የመልእክት መተግበሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የላኩትን ለማንሣት የሰጠው ጊዜ 2 ደቂቃ ነው። መልእክት ሲታረምም መታረሙን የሚናገረውን ምልክት ቢነኩት የቀድሞው አጻጻፍ ይታያል።

ቴሌግራም ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ሲጀምር የራስን መልእክት በ48 ሰዓት ውስጥ ማጥፋት ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ግን የጊዜ ገደቡ ተነሣ፤ በሁለት ሰዎች መካከል በሚደረግ ጭውውት አንዱ ሰው የራሱንም፣ ከሌላው የደረሰውንም መልእክት በፈለገው ጊዜ ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ቻለ። ምልክትም አይቀርም። ከሁሉ የሚገርመኝ፣ እዚያው ቴሌግራም ላይ አንዲት ፊደል ያረመ ሰው ከመልእክቱ ጎን “ታርሟል” የሚል ምልክት ይወጣበታል። ፊደል ያቃናው ይታወቃል፣ የዓመት ንግግር የጠረገው አይታወቅም። ይህን ማን ትክክል ነው ይለዋል?

የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ ያን ጊዜ የሰጠው ምክንያት፣ ሰው ድሮ ጽፎ የረሳው ቃል ከቦታው ተነቅሎ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊጎዳው ይችላል የሚል ነው። ምክንያቱ እውነት አለው። አገራችንም ውስጥ በድሮ ጽሑፉ የተሰደበ፣ ከሥራው የተባረረ ሰው አናጣም። ግን ይህ ምክንያት የራሱን ቃል ለማጥፋት እንጂ የእኔን ለማጥፋት አይሆንም። እኔ ስለ ክር ቀለም የጠየቅኩት ጥያቄ ማንን ይጎዳል?

ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ ነገር ተወቅሷል። ማርክ ዙከርበርግ በሜሴንጀር የላካቸው መልእክቶች ከተቀባዮቹ ሣጥን ውስጥ ሳይነገራቸው እየጠፉ መገኘታቸው ተዘገበ። ያን ጊዜ ተራው ተጠቃሚ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። ኩባንያው ካመነ በኋላ መብቱን ለሁሉም እሰጣለሁ አለ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 በ10 ደቂቃ ገደብ ሰጠ፤ መልእክት መነሣቱን የሚያሳይ ምልክትም አብሮ አደረገ። ሰዎቹ የተቆጡት ሌላው ሰው እነርሱ እጅ ውስጥ ያለውን ሳያውቁ ስለወሰደባቸው ነው። የእኔም ቁጣ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ቁልፏ ሕይወት የምታተርፍላቸውን ሰዎች ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የእህቴ ልጅ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ ስልኳን እየተቀበለች ትፈትሻለች። ልጅቷ ስለ ደመወዟ፣ ስለ ድካሟ፣ አንዳንዴም መውጣት ስለመፈለጓ ለእናቷ ትነግራለች፤ ነግራ ስትጨርስ ሁሉንም ታጠፋለች። የእርሷ ቃል ብቻ ጠፍቶ የእናቷ መልስ ቢቀርስ? “አይዞሽ ልጄ፣ ገንዘብሽን ሳትቀበዪ እንዳትወጪ” የሚል መልስ ምን ትናገሪያለሽ ያሰኛታል። እዚያ ቤት “መልእክት ተሰርዟል” የሚለው ምልክት ራሱ ጠብ ያመጣል። ስለዚህ ሁሉንም ከራሷ ስልክ ላይ ጠርጋ ታጠፋለች፤ ማጥፋትም አለባት። ማንም ይህን መብት እንዲነካባት አልፈልግም።

ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። እርሷ የሚያስፈልጋት ከራሷ ስልክ ላይ ማጥፋት ነው፤ ይህ ምንጊዜም አለ፣ ማንንም አይጎዳም። ከእናቷም ስልክ ላይ ይጥፋ ከተባለ ደግሞ እናትና ልጅ አስቀድመው ተስማምተው የሚያደርጉት ነው። ለዚህም የተሠራ መንገድ አለ፤ ዋትስአፕ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ቴሌግራም ላይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ መልእክቶች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በራሳቸው እንዲጠፉ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሲከፈት ሁለቱም ወገን ያየዋል። አውቄ የገባሁበት ስለሆነ ማስቀመጥ የምፈልገውን ቀድሜ አስቀምጣለሁ። ከሥራ በኋላ፣ ገንዘብ ከወጣ በኋላ፣ በድብቅ ከሚደረገው ጋር አንድ አይደለም።

ሌላም ላንሣ። ሱቄ ውስጥ የምትረዳኝ ልጅ አለች። አንድ ሰው ማታ ማታ የሚያስፈራራ ነገር ይጽፍላት ነበር፤ ጠዋት ስትነሣ ጽሑፉ የለም። ማታ አንብባው ስትንቀጠቀጥ አድራለች፣ ጠዋት የምታሳየው የላትም። መጀመሪያ ጊዜ ስትነግረኝ እኔ ራሴ “ሕልም አይተሽ ይሆን?” ለማለት ምንም አልቀረኝም። በኋላ ስክሪንሻት ማንሣት አስተማርናት። ግን በፍርሃት ላይ ያለች ልጅ መጀመሪያ ስልኳን ትወረውራለች እንጂ ስክሪንሻት አታነሣም። ቢያንስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከዚህ ሰው የመጣ መልእክት ነበር፣ ንጋት ላይ ላኪው አጠፋው የሚል መስመር ቢቀርላት የሚያምናት ሰው ታገኝ ነበር።

የሕጉን ነገር የሥጋ ዘመዴ የሆነ ጠበቃ አስረዳኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድን ያውቀዋል፤ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፣ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ግሩም ሕግ ነው። ነገር ግን ቀብዱ የሚናገረው ውል እንደነበረ ብቻ ነው፤ የውሉ ቃል ምን እንደነበር ዝም ይላል። ያው ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። እስቲ ዛሬ ወንድም ለወንድሙ ሲያበድር የት ነው የሚጻጻፈው? ስልክ ላይ አይደለም? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተጻፈ ነገር ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ስለዚህ ሕጉ ጽሑፌን ለመቀበል በሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል፤ እኔ ግን ይዤው የምገባው ጽሑፍ ከእጄ ላይ ተወስዷል። “ቴሌኮሙ ያስቀምጠው የለም ወይ?” ብዬ ጠይቄ ነበር። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች ለአንድ ዓመት እንዲይዙት የሚያስገድደው የትራፊክ ዳታ የሚባለውን፣ ማለትም ግንኙነት መደረጉን የሚያሳየውን እንጂ የተባባልነውን አይደለም። የተባባልነውን ሌላ ሰው እንዲያስቀምጥልኝም አልፈልግም። እኔው ስልክ ላይ ይቆይልኝ ነው የምለው።

አባቶቻችን ወረቀት ሲጽፉ ስሕተት አያውቁም ነበር አልልም። ሲሳሳቱ ግን ቃሉን በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከላዩ አዲሱን ጽፈው፣ ከጎኑ ይፈርሙበት ነበር። ዛሬም ቢሆን ስርዝ ድልዝ ያለበት ቼክ ባንክ ይዛችሁ ብትሄዱ ይመልሷችኋል። የተሰረዘው ቃል ከሥሩ ይነበባል፤ ማን እንደሰረዘውም ይታወቃል። መተግበሪያ የሚሠሩ ልጆች ይህን ያህል እንኳ ማድረግ ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም።

እስከዚያው እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ለሌላው ይጠቅም ይሆናል። ለእያንዳንዱ ትልቅ ትእዛዝ ቴሌግራም ላይ ትንሽ ግሩፕ እከፍታለሁ፤ ደንበኛዋን፣ ሰፊዋንና የሸማኔውን ልጅ አስገባለሁ። ግሩፕ ውስጥ አስተዳዳሪ ካልሆነ በቀር አንዱ የሌላውን መልእክት ማጥፋት አይችልም፤ አስተዳዳሪዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ልኬትና ቀለም የተወሰነበትን መልእክት ወዲያው የግል ማስቀመጫዬ ውስጥ ፎርዋርድ አደርገዋለሁ፤ ዋናው ቢጠፋ እንኳ ግልባጩ ይቀራል። ዋጋውንና ቀለሙን በካርቦን ደብተር ላይ ጽፌ ፎቶውን እልክና “አይቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ” የሚል መልስ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ እጠይቃለሁ። አንዳንድ ደንበኛ ይከፋዋል፤ “አታምኚኝም እንዴ?” ይለኛል። እታለም እያለች ከምትጠራኝ ሰው ጋር እንዲህ መሆን ለእኔም ደስ አይልም። ከዚህ በፊት ካላመንኩት ሰው ትእዛዝ መቀበል ቀርቶ ሻይ አብሬው አልጠጣም ነበር። አሁን የምወዳትን ደንበኛ ጽሑፍ እየተከተልኩ ለብቻ አስቀምጣለሁ። የሠራችው ጥፋት ኖሮባት አይደለም።

ደግሞም ይህን ሁሉ የሚያውቀው ስንቱ ነው? አጠገቤ ነጠላ የሚሸጡት እናት ስልክ የሚከፍትላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ግሩፕ ክፈቺ፣ ፎርዋርድ አድርጊ ብላቸው ምን ይሉኛል? እርሳቸው የሚያውቁት የተጻፈ ነገር ተጽፎ እንደሚኖር ነው፤ በዚያ ተማምነውም ዱቤ ይሰጣሉ።

አገር ውስጥ መገበያያ መተግበሪያ የምትሠሩ ወጣቶች ብዙ ናችሁ። የውጪዎቹን እንዳለ ከመገልበጣችሁ በፊት እኛን የምንገበያየውን ጠይቁን። ገንዘብ የተላለፈበት ንግግር ላይ አንዱ ወገን ብቻውን የሌላውን ቃል ማንሣት እንዳይችል አድርጉት፤ የራሱን ያጠፋም ማጥፋቱ ይታይ። ሐሳባችሁን የምትቀይሩ ደንበኞችም “ወርቃማው ይሻለኛል፣ ይቅርታ” ብላችሁ ጻፉልን። ክሩ ገና ሸማኔው ቤት ካልገባ በደስታ እንቀይራለን፤ ከገባም በዋጋው እንነጋገራለን።

ጋዜጣችሁን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። የሕግ ባለሙያ ጋብዛችሁ፣ ከስልክ ላይ በአንድ ወገን ብቻ የተሰረዘ ውል ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኞች እንዴት እንደሚያዩት፣ ስክሪንሻት ምን ያህል እንደሚታመን፣ ፎርዋርድ የተደረገ ግልባጭ ይቆጠር እንደሆነ በዝርዝር አስጽፉልን። የገና፣ የጥምቀትና የሠርግ ትእዛዝ ከመግባቱ በፊት ቢደርስልን ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ እኔም ገጹን ቆርጬ ሱቄ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሐበሻ ልብስ ነጋዴ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ